ጊዜያዊው ውሳኔ እንዴት ቋሚ ሆነ፦ የሽግግር ዘመን የፖሊሲ አወጣጥ በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ሲታይ

አኅጽሮት

ከግጭት ወጥተው ወደ ዴሞክራሲ በሚሸጋገሩ አገሮች የሚወጡ ፖሊሲዎች በአብዛኛው የሚመዘኑት በይዘታቸው ነው። ይህ መጣጥፍ ግን የሚመረምረው የወጡበትን ቅደም ተከተል ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የካዛንቺስ ሠፈር ምሳሌ በማድረግ፣ በ1983 ዓ.ም. የተጀመረው ሽግግር የከተማ ቦታን ጉዳይ ለሕገ መንግሥቱ እንደሚተወው ካስታወቀ በኋላ ሕገ መንግሥቱ ሳይጸድቅ በሊዝ አዋጅ እንደወሰነው ያሳያል። በዚህም የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ የቀጠናው ነባር ነዋሪ ቢሆንም፣ በኋላ በወጡት የካሣና የምክክር ድንጋጌዎች ውስጥ ራሱን የቻለ ባለመብት ሆኖ አልተቀመጠም የሚል መከራከሪያ ያቀርባል።

አዳራሹና ሠፈሩ

የኢትዮጵያ የሽግግር ዘመን ቻርተር የተመከረበት ጉባኤ ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም. የተካሄደው በአፍሪካ አዳራሽ ነበር። አዳራሹ በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ ሥፍራ ነው። ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቅጥር ውስጥ ይገኛል። ከቅጥሩ ጀርባ ያለው ሠፈር ካዛንቺስ ነው። ስሙ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የሚለውን የአዲስ አበባ ሰው አንድ ቃል አደረገው። በ1983 ዓ.ም. በአዳራሹና በሠፈሩ መካከል የነበረው ርቀት በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነበር። በአንደኛው ወገን ስለ አገር የወደፊት ዕጣ የሚመክሩ የፖለቲካ ድርጅቶች ተቀምጠዋል። በሌላኛው ወገን በቆርቆሮ የተከደኑ የጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የቀበሌ ነበሩ።

ከጉባኤው የወጣው ቻርተር ሐምሌ 15 ቀን 1983 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ 87 መቀመጫዎች ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ውክልናው በዋናነት የተዋቀረው በብሔር ድርጅቶችና በትጥቅ ትግሉ በተሳተፉ ንቅናቄዎች ነበር። የጦርነቱ መነሻና ውጤት ሲታይ ይህ አያስገርምም፤ ሰላም የሚፈርመው የተዋጋው ወገን ነውና። ነገር ግን የከተማ ነዋሪ በከተማ ነዋሪነቱ፣ ተከራይም በተከራይነቱ፣ በዚያ ምክር ቤት የሚጠራበት መቀመጫ አልነበረውም። ይህ ክፍተት በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙም አልታየም። የታየው መሬትን የሚመለከት ውሳኔ ማሳለፍ ሲያስፈልግ ነው።

ከሽግግሩ በፊት የተወረሰው ውርስ

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ደነገገ፤ የተወረሱትንም ቤቶች በሁለት ከፈላቸው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ሲሰጡ የቀሩት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ኪራይም ተቀነሰ። በካዛንቺስና በመላው ቂርቆስ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ብዙ ስለነበሩ የሠፈሩ ዋነኛ አከራይ በአንድ ቀን ቀበሌ ሆነ።

በዚህ አዋጅ ውስጥ በኋላ ለሚመጣው ነገር ወሳኝ የሆነ አንድ ባሕርይ አለ። ተከራዩ ቤቱን በርካሽ ዋጋ፣ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲኖርበት ተደረገ፤ ነገር ግን የአከራዩን ማንነት ከመለወጥ ያለፈ የንብረት መብት አልተሰጠውም። ቤቱን ማሳደስ፣ ተቀጥላ ክፍል መጨመር፣ ደባል ማስገባት በተግባር የተለመደ ሆነ። እነዚህ ሁሉ ግን ከአዋጁ ቃል ውጭ በመቻቻል የሚኖሩ ነገሮች ነበሩ። ሰዎች ልጅ ወለዱበት፣ ዳሩበት፣ በዕድር ተቀባበሩበት፤ በወረቀት ግን ወርኃዊ ተከራይ እንደሆኑ ቀሩ።

በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው የሽግግር መንግሥት ሦስት መንገዶች ነበሩት። ቤቶቹን ለቀድሞ ባለቤቶች መመለስ አንዱ ነው፤ ቼኮዝሎቫኪያ በዚያው ጊዜ ይህን ታደርግ ነበር። ለሚኖሩባቸው ተከራዮች ማዛወር ሌላው ነው፤ ሩሲያ በ1983 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ቤቶችን ለተከራዮች በነፃ መስጠት ጀምራ ነበር። ሦስተኛው ባሉበት ማቆየት ነው። መንግሥቱ ሦስተኛውን መረጠ። በኅዳር 1984 ዓ.ም. የወጣው የሽግግር ወቅት የኢኮኖሚ ፖሊሲ መሬትን በመንግሥት እጅ አቆይቶ የባለቤትነቱን ጥያቄ ለሚመጣው ሕገ መንግሥታዊ ሂደት አስተላለፈ። ይህ መዘግየት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የቀድሞውን ሠራዊት መበተን፣ አገሪቱን በክልል ማዋቀርና የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ማስፈጸም በአንድ ጊዜ የተደራረቡበት መንግሥት፣ ባለቤትንና ተከራይን በሚያጋጭ ጉዳይ ላይ ፈጥኖ አለመወሰኑ አስተዋይነት ነበር ማለት ይቻላል።

አሥራ አንድ ወር ተኩል

ችግሩ የጀመረው ውሳኔው የቆየ መስሎ በተግባር ሲወሰን ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1986 የታወጀው ታኅሣሥ 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱን የሚያጸድቀው ጉባኤ አባላት የተመረጡት ከዚያ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት 1986 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የከተማ ቦታ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ሆኖ በገበያ ዋጋ የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ የባለቤትነቱ ጥያቄ ሕገ መንግሥታዊ መልስ ከማግኘቱ አሥራ አንድ ወር ተኩል አስቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

በክፍሌ ወዳጆ ሰብሳቢነት የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ኮሚሽን የመሬትን ጉዳይ ለሕዝብ ውይይት አቅርቧል፤ በጉባኤውም አንቀጽ 40 ብርቱ ክርክር ካስነሱት አንዱ ነበር። ሆኖም ክርክሩ በአመዛኙ ያተኮረው በገጠር መሬት ላይ ነው። ገበሬው መሬቱን ሸጦ ወደ ከተማ ይፈልሳል የሚለው ሥጋት የመንግሥትን ባለቤትነት የደገፉ ወገኖች ዋነኛ መከራከሪያ ሆነ። የከተማ ቦታ ከገጠሩ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃልሎ አለፈ። ለገበሬው የቀረበው ምክንያት ለካዛንቺስ ተከራይ የሚሠራ አይደለም፤ እሱ የሚሸጠው መሬት አልነበረውምና። በሕገ መንግሥቱ ላይ የተሰጡ ማብራሪያዎች ይህን ልዩነት አልፈው መሄዳቸው የሚያሳዝን ነው።

ሊዝ ከማቆየት የሚለየው በአንድ ነጥብ ነው። በ1967ቱ ሥርዓት መሬት የማይሸጥ ስለነበር ቀበሌው ተከራዩን ከማስወጣት የሚያገኘው ጥቅም አልነበረም። ሊዝ ሲመጣ በዝቅተኛ ኪራይ የተያዘ የመሐል ከተማ ቦታ ለከተማው አስተዳደር ገቢ ሊሆን የሚችል ሀብት ሆነ። ቦታው ባዶ ሲሆን ዋጋ አለው፤ ሰው ሲኖርበት ግን ወጪ ነው። ከኢኮኖሚ ኮሚሽኑ፣ ከሆቴሎችና ከዋና መንገዶች አጠገብ ላለው ካዛንቺስ ይህ ስሌት ከየትኛውም ሠፈር ይልቅ ይጠነክራል። ማንም ባለሥልጣን ተከራዩን ለመጉዳት አላሰበም ይሆናል፤ የአከራዩ ጥቅም ግን በአዋጅ ተለወጠ።

በጥር 1987 ዓ.ም. ገደማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 110/1987 የቀድሞውን መነሻ አጸና። በወቅቱ ከነበሩት አዋጆች ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች እንዲመለሱ መንገድ ሲከፍት፣ በአዋጅ 47 መሠረት በአግባቡ የተወረሱት ግን በዚህ አይሸፈኑም። የደርግ ሕግ የሕጋዊነት መለኪያ ሆኖ ቀጠለ። የቀድሞ ባለቤት በሩ ተዘጋበት፤ ተከራይም ሌላ በር አልተከፈተለትም።

አከራይ፣ አስተዳዳሪና መድረክ

ሮላንድ ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ጥናት ከጦርነት የወጡ አገሮች ምርጫንና ገበያን ከመክፈታቸው በፊት ተቋማትን ማጠናከር ይገባቸዋል ሲል ተከራክሯል። የካዛንቺስ ልምድ ለዚህ ሐሳብ አንድ ጥያቄ ይጨምርበታል። በአዲስ አበባ ተቋም አልጠፋም፤ ቀበሌ ነበር። ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. የነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ የፖለቲካ ቁጥጥርና በቀይ ሽብር ዘመን የግድያ መሣሪያ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መሪዎቹ ተለወጡ እንጂ መዋቅሩ ቀጠለ፤ ኋላም ወደ ወረዳ ሲጠቃለል ሥራው አብሮ ተላለፈ። በዚህ መዋቅር አንድ ቢሮ ቤት ያከራያል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ የልማት ዕቅድ ያስታውቃል፣ ስለ ዕቅዱም ስብሰባ ይጠራል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43(2) ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ይህ መብት በተግባር የሚፈጸመው በአከራዩ አዳራሽ ውስጥ ነው። «ተመካከርን» የሚለው ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በቤት ኪራይ ደብተሩ ላይ በሚፈርመው መዋቅር ነው። ተቃውሞ ያለው ተከራይ ተቃውሞውን የሚያሰማው ነገ ምትክ ቤት ለሚመድብለት ቢሮ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዝምታ ስምምነት ተብሎ ሊቆጠር እንደማይገባ ለማንም ግልጽ ነው፤ ግን ተቆጥሯል።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላ ጉዳይ የሕጉ ቃላት ናቸው። አንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ እንዲያገኙ ይደነግጋል። «ሰዎች ሁሉ» ይላል እንጂ «ባለይዞታዎች» አይልም። የማስለቀቂያና የካሣ አዋጆቹ ግን የተገነቡት በአንቀጽ 40(8) ላይ፣ በንብረት ባለቤትነት ዙሪያ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሣ የሚከፍለው ሕጋዊ ይዞታ ላለውና በቦታው ላይ ንብረት ላፈራ ሰው ነው። ተከራዩ የሚያጣው የሥራ ቅርበት፣ የጉሊት ቦታ፣ በዱቤ የሚሰጥ ሱቅ፣ ዕድርና ዕቁብ በዚህ መስፈርት ንብረት አይደሉም። በተግባር ሲስተናገድ የኖረው ሌላ የቀበሌ ቤት በማግኘት ወይም የጋራ መኖሪያ ቤት ቅድሚያ በማግኘት ነው፤ ለኋለኛው የሚጠየቀውን ቅድሚያ ክፍያ ማሟላት ያቃተው ብዙ ነው። ይህም አስተዳደራዊ ቸርነት እንጂ ከሕገ መንግሥቱ የሚመነጭ መብት ተደርጎ አልተቀረጸም።

አዋጅ 455 የወጣበት ቀንም ልብ ሊባል ይገባል፦ ሐምሌ 8 ቀን 1997 ዓ.ም.። የግንቦት 7ቱ ምርጫ ከተካሄደ ሁለት ወር ሆኖታል፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት አሸንፏል። ከተማዋን በእጅጉ የሚነካው የማስለቀቂያ ሕግ የጸደቀው ሊሰናበት በነበረው የፌዴራል ምክር ቤት ነው። የተመረጠው የከተማ ምክር ቤት ሥራ አልጀመረም፤ ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። የሽግግሩ ቅደም ተከተል እዚህም ተደገመ።

ማፑቶና ጆሃንስበርግ

ሁሉም ችግር የመንግሥት የመሬት ባለቤትነት ውጤት ነው የሚል አስተያየት በከተማ ጥናቶች ዘንድ ይዘወተራል። ሞዛምቢክ ይህን አስተያየት ትፈትናለች። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ጦርነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1992 በሮም ስምምነት ሲያበቃ መሬት በዚያም የመንግሥት ነበር፤ እስከ ዛሬም ነው። ልዩነቱ በአወጣጡ ላይ ነው። ብሔራዊ የመሬት ፖሊሲው እ.ኤ.አ. በ1995 ጸደቀ፤ የተለያዩ ሚኒስቴሮችን ያቀፈ የመሬት ኮሚሽን ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ፤ በቀጣዩ ዓመት ገበሬዎች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ባለሀብቶችና ምሁራን በአገር አቀፍ ጉባኤ ተከራከሩበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ ቁጥር 19 መሬትን ለአሥር ዓመት በቅን ልቦና የተጠቀመበት ሰው ያለ ወረቀትም የመጠቀም መብት እንዲኖረው አደረገ፤ የምስክር ቃልም ማስረጃ ሆነ። ባለቤትነቱ ሳይለወጥ የነዋሪው ደረጃ ተለወጠ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሕጉ የተነደፈው በዋናነት ለገጠሩ ሲሆን የከተማ ቦታ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ማፑቶም ከመፈናቀል አልዳነችም። ቢሆንም የካዛንቺስ ተከራይ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት የኖረበት ቤት በዚያ መመዘኛ ቢታይ የመብት ምንጭ እንጂ የአስተዳደር መዝገብ ብቻ አይሆንም ነበር።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ትምህርት ታቀርባለች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በሚገኙ ሁለት ሕንፃዎች የሚኖሩ ከ400 በላይ ሰዎችን ጉዳይ ተመለከተ። ሰዎቹ ባለቤትም ሕጋዊ ተከራይም አልነበሩም፤ ከተማው ሕንፃዎቹ ለኑሮ አደገኛ ናቸው ብሎ ሊያስወጣቸው ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከተማው ከነዋሪዎቹ ጋር ትርጉም ያለው ምክክር ማድረግ እንዳለበት፣ ይህም ሳይደረግ ሰዎችን ቤት አልባ የሚያደርግ የማስወጣት ትእዛዝ በተለመደው ሁኔታ እንደማይሰጥ ወሰነ። ምክክሩ በፍርድ ቤት ዐይን ሥር ስለተካሄደ ውጤቱ ሊመረመር የሚችል ነበር። በኢትዮጵያ አዋጅ 455 ለፍርድ ቤት ክፍት ያደረገው የካሣው መጠን የሚያከራክርበትን መንገድ ነው፤ የመልቀቂያውን ውሳኔና የምክክሩን እውነተኛነት የሚመረምር መንገድ አልዘረጋም።

በድጋሚ ሽግግር

በ2010 ዓ.ም. የተጀመረው የፖለቲካ ለውጥ ይህን ሥርዓት የመፈተሽ ዕድል ሰጥቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በ455 ቦታ ሲተካ የተሻሉ ነገሮችን አመጣ፦ ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋምን በርዕሱ ሳይቀር አካተተ፤ ይዞታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ባለይዞታው ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመክርበትም ደነገገ። እዚህም ግን የምክክሩ ተቀባይ ባለይዞታው ነው። ሕጉን ያወጣው ምክር ቤት በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዙበት ነበር፤ የአዲስ አበባ ምክር ቤትም ዘመኑ በ2010 ዓ.ም. አብቅቶ ያለ ምርጫ ተራዝሞለት ነበር። የከተማ ነዋሪ ድምፅ በዚህኛውም ሽግግር ከሕጉ ዘግይቶ ደረሰ።

የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲደርስ እነዚህ ሁሉ ንብርብሮች አብረው ታዩ። ቤቶቹ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወደ ተገነባው የገላን ጉራ መንደር ተዛወሩ። የከተማው አስተዳደር ያቀረበው መከራከሪያ ክብደት አለው። የካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ያረጁ፣ መጸዳጃና ማብሰያ የሚጋሩ፣ ለእሳትና ለጎርፍ የተጋለጡ ነበሩ፤ አዲሶቹ ሕንፃዎች ውኃና መብራት አላቸው። ይህን የሚክድ ተመራማሪ ሠፈሩን አያውቀውም። ነገር ግን የቤት ጥራት ጥያቄና የውሳኔ ባለቤትነት ጥያቄ የተለያዩ ናቸው። በመሐል ከተማ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች የምታቀርብ ሴት ገላን ጉራ ላይ የተሻለ ወለል አግኝታ ደንበኞቿን ልታጣ ትችላለች። የቱን እንደምትመርጥ ለመጠየቅ፣ ከሕግ አንጻር፣ ባለይዞታ መሆን ነበረባት።

በዚያው ጊዜ አገሪቱ በሌላ ዘርፍ የተለየ አወጣጥ ስትሞክር ነበር። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከመጽደቁ በፊት የአማራጮች ሰነድ ሆኖ በጥር 2015 ዓ.ም. ቀርቦ በልዩ ልዩ ከተሞች ተመክሮበታል። ምክክሩ ጉድለት እንዳለበት ተተችቷል፤ አማራጮችን አስቀድሞ ለክርክር ማቅረቡ ግን ከ1986ቱ የሊዝ አዋጅ አወጣጥ ይለየዋል። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽንም የአዲስ አበባን አጀንዳ ማሰባሰብ የጀመረው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ተሳታፊዎቹ የተመለመሉት በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ከሚገኙ የኅብረተሰብ ክፍሎች ነበር። የቂርቆስ ነዋሪዎች አጀንዳቸውን በወረዳቸው ስም አስይዘው ከተመለሱ አምስት ወር ሳይሞላ የካዛንቺስ ቤቶች መፍረስ ጀመሩ፤ ከእነዚያ ቤቶች ወጥቶ ገላን ጉራ የገባው ሰው በመዝገብ የሌላ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሆነ።